የባሕር ማዶ የብዕር ጓደኛ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ስለ አንድ ጉዳይ የጻፏቸው ናቸው፤ ከሌላ አገር ተማሪ ጋር ስለ መጻጻፍ። አንድ አባትና አንድ መምህርም ጽፈውልናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር ለመተዋወቅ ለብዙ ሰው «ሰላም፣ ጓደኛ መሆን እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አብዛኞቹ አልመለሱም፤ የመለሱትም ከሁለት ቀን በላይ አልቆዩም። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ችግሩ እንግሊዝኛሽ አይደለም። ያ መልእክት ለተቀባዩ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ምን ብሎ ይመልስ? ስለ ምን ይጠይቅሽ? ወሬ የመክፈቱን ሥራ ሁሉ እሱ ላይ ጣልሽበት፤ እንዲህ ያለ መልእክት በየቀኑ የሚደርሰው ሰው ደግሞ አይቶ ያልፈዋል።

መጀመሪያ ቦታውን ምረጪ። ረዘም አድርጎ መጻፍ ለሚወድ ሰው ስሎውሊ የሚባለው መተግበሪያ ይስማማል። ደብዳቤው ወዲያው አይደርስም፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለው ርቀት ልክ ሰዓታት ይፈጃል። ሰው የሚመረጠው በመልክ ሳይሆን በሚወዳቸው ርእሶችና በቋንቋው ነው። ኢንተርፓልስ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለና ሰፊ ነው፤ ግን ክፍት ገበያ ስለሆነ ፍቅረኛ ፈላጊውም አጭበርባሪውም ይበዛበታል። ታንደምና ሄሎቶክ የቋንቋ ልውውጥ ቦታዎች ናቸው፤ እኔ ያንተን ቋንቋ፣ አንተ የኔን እንማማር የሚባልባቸው።

ለአንቺ የምንመክረው ከዚህ ከመጨረሻው ዓይነት እንድትጀምሪ ነው፤ ምክንያቱም በእጅሽ ሌላው የሌለው ነገር አለ፤ አማርኛ። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በፓሪስ ኢናልኮ፣ በኔፕልስ ሎሪየንታሌ የሚባሉት ተቋማት አማርኛ ያስተምራሉ። እዚያ የሚማር ተማሪ መጽሐፍ አለው፤ የሚፈልገው ሕያው አማርኛ የሚያናግረው ሰው ነው። በውጭ አገር ተወልደው የወላጆቻቸውን ቋንቋ ማሻሻል የሚፈልጉ ወጣቶችም ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ስትጽፊ ለማኝ አይደለሽም፤ የምትሰጪው አለሽና።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ደብዳቤ። ከ150 እስከ 200 ቃል ይበቃል። እኛ ደብዳቤ ስንጀምር ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ጠይቀን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው፤ ለማያውቁት ሰው ግን ሰላምታው ከአንድ መስመር አይለፍ። ከዚያ ስለ ቦታሽ ሁለት የተለዩ ነገሮች፣ ከእሱ መግለጫ ላይ ያነበብሽው አንድ ነገር፣ ሁለት ጥያቄ። እንዲህ፦

«ደሴ በምትባል ከተማ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ከሚባል ተራራ ሥር ናት። በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ሆነን የመማሪያ ሕንፃው አይታየንም። ኮምቦልቻ የምትባለው ጎረቤታችን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ናት፤ ጃኬት ለብሰን ተሳፍረን፣ ሐረጎን ወርደን ስንጨርስ ጃኬቱን አውልቀን በክንዳችን እንይዘዋለን። ከተማህ ወንዝ ዳር ናት ብለህ ጽፈሃል። በብርዱ ወራት ወንዙ በረዶ ይሠራል? ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የት ነው የሚሰበሰበው?»

ይህ ደብዳቤ የሚመለሰው ለምን መሰለሽ? ስለ ጭጋጉም ስለ ጃኬቱም መጠየቅ ይቻላል፤ መግለጫውን እንዳነበብሽለትም ያያል። ጥያቄዎቹም ቢያንስ አንዱ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» አያልቅም። ሁለተኛው ደብዳቤሽ ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፤ የጠየቀሽን መልሺ፣ አንድ አዲስ ነገር ጨምሪ፣ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ጠይቂ። ከዚያ በላይ አትጠይቂ፤ ዘጠኝ ጥያቄ የደረሰው ሰው «ሲመቸኝ እመልሳለሁ» ብሎ ያስቀምጠውና በዚያው ይረሳዋል።

ጨዋታውን የሚያበላሹ ልማዶችም አሉ። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ መገልበጥ በሁለተኛው መስመር ይታወቃል። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ አግብተሻል ወይ፣ ደሞዝህ ስንት ነው የሚሉት ለእኛ የመቀራረቢያ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጀርመናዊና ጃፓናዊ ተማሪ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሲጠየቃቸው ይሸሻሉ። ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ በትርጉም መሣሪያ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍም አይጠቅምሽም፤ በስልክ ስትገናኙ ሌላ ሰው ሆነሽ ትገኛለሽ። በራስሽ እንግሊዝኛ ጻፊ፣ ያላወቅሽውን ቃል ብቻ ፈልጊ። በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ለሚሆኑ ሰዎች ጻፊ፤ ሁለት ከጸኑ ለአንድ ተማሪ በቂ ናቸው።

የሚጻፍ አጣሁ የሚል የወሎ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ይመልከት። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የቦታዎቻችን ስሞች ናቸው፤ ትዝታንና አንቺሆዬን ጨምረሽ እያንዳንዳቸውን በግማሽ ደቂቃ ድምፅ ቀርጸሽ ብትልኪ ሙዚቃ የሚወድ ጓደኛ ለአንድ ወር የሚሆን ጥያቄ ያገኛል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊም አጎትና ክርስቲያን አክስት መኖራቸው፣ በዓል ሲመጣ ማን ለማን ምን ይልካል የሚለው፣ የባቲ ሰኞ ገበያ፣ የቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። አደራ፣ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ አትጨርሺው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እማራለሁ። ፖላንድ ያለች ጓደኛዬ በወረቀት እንጻጻፍ ትላለች። አድራሻ ላኪልኝ ብትለኝ ምን ልላት? የተላከ ደብዳቤ ይደርሳል?

መልስ፦ ይደርሳል፤ አድራሻው ከተስተካከለ። በእኛ አገር በተለመደው አሠራር ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም። ሦስት መንገድ አለሽ። አንደኛው በፖስታ ቤት የራስሽን ሣጥን መከራየት ነው፤ ኪራዩ የዓመት ስለሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ብታዋጡ ይቀላል። ሁለተኛው የኢንስቲትዩቱ ሣጥን ነው፤ ያኔ አስቀድመሽ የትምህርት ክፍልሽን ጸሐፊ «በስሜ ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል» ብለሽ አሳውቂ፣ ደብዳቤዎች የት እንደሚቀመጡም ጠይቂ። ብዙ ደብዳቤ የሚጠፋው መንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነው። ሦስተኛው የዘመድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ነው።

አድራሻው በላቲን ፊደል በዚህ ተራ ይጻፍ፦ ስምሽ ከነአባትሽ ስም፤ የትምህርት ክፍል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፤ ፖ.ሣ.ቁ.፤ ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ፤ በመጨረሻው መስመር በትልልቅ ፊደል ኢትዮጵያ። «ደቡብ ወሎ» የሚለውን እንዳትተዪው፤ በምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ አለ። ስልክሽንም አስጨምሪ፤ ከ251 በኋላ የመጀመሪያዋ ዜሮ ትቀራለች። ስምሽ በመታወቂያሽ ላይ እንዳለው ይሁን። ጓደኛሽ የቤት ስምሽን ብትጽፈው ደብዳቤሽን ለመውሰድ ትቸገሪያለሽ። በነገራችን ላይ የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ ትወስደዋለች፤ ያንቺ መጠሪያ የመጀመሪያው እንደሆነ አንድ ጊዜ ንገሪያት።

ክብደቱን አስቀድመሽ አስቢው። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የመጀመሪያው የዋጋ እርከን ብዙውን ጊዜ እስከ 20 ግራም ነው። ተራው ባለ 80 ግራም ኤ-4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፤ ፖስታው ራሱ 5 ግራም ያህል ነው። ሦስት ቅጠል ከነፖስታው 20 ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ፎቶ ልጨምር ካልሽ ወረቀቱን ሁለት አድርጊው፤ አንድ 10 በ15 ፎቶ 4 ግራም ቢሆን 19 ላይ ትቆሚያለሽ። ዋጋው ስለሚቀያየር ቴምብር ከመለጠፍሽ በፊት መስኮቱ ላይ አስመዝኚ። የአንቺ አድራሻ በግራ ከላይ፣ የእሷ መሀል ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ፣ ቴምብሩ በቀኝ ከላይ። ስቴፕለር፣ ሳንቲም፣ ወፈር ያለ ቁልፍ አታስገቢ፤ በማኅተም ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ፖስታውን ይቀደዋል። የወረቀት ገንዘብማ በተራ ደብዳቤ መላክ ክልክል ነው። ሠራተኛዋ ሥዕል ያላቸው ቴምብሮች ካሏት ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ሦስት ትንንሽ እንድትሰጥሽ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእኛን ቴምብር የሚሰበስብ ሰው በዓለም ላይ አለ፤ ጓደኛሽም ትደሰትበታለች።

በእያንዳንዱ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ተራ ቁጥር ጻፊ፤ 1፣ 2፣ 3። ሦስተኛው ደርሶ ሁለተኛው ካልመጣ እንደጠፋ ታውቃላችሁ፤ አለዚያ ሁለታችሁም «ተቀየመች» እያላችሁ ትቆያላችሁ። ከማሸግሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የጠፋውን እንደገና ለመጻፍ ይረዳል። መቆየቱ እንደ አገሩና እንደ ወቅቱ ነው፤ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ያዢ። መጥፋት የሌለበት ነገር ስትልኪ በአደራ (ሪኮማንዴ) አድርጊው፤ ይወደዳል ግን ቁጥር አለው። ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ ጓደኛሽ እስከ መስከረም እንዳትልክ ንገሪያት፤ ግቢው ተበትኖ እያለ የሚመጣ ደብዳቤ ተቀባይ የለውም።

ፖስት ካርድ ብቻ መላላክ የሚፈልግ ተማሪ ፖስትክሮሲንግን ይሞክር። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ፖርቱጋላዊ ተማሪ የጀመረው ነው። አድራሻ ትጠይቃለህ፣ ከነመለያ ቁጥሩ ይሰጥሃል፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጽፈህ ትልካለህ፤ ተቀባዩ ሲመዘግበው ያንተ አድራሻ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጀማሪ በአንድ ጊዜ አምስት ካርድ ድረስ ይልካል። ከ60 ቀን ያለፈ ካርድ «ጊዜው አልፏል» ይባላል፤ አትደንግጥ፣ ከዚያም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ሊመዘገብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጃፓን ተማሪ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ተቀጣጥረን ሁለት ጊዜ ተላለፍን። የሰዓቱ ነገር ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ከጃፓን ጋር እንዲያውም ቀላል ነው። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠርም ከውጭው በ6 ይለያል። ስለዚህ ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየው ቁጥርና የእነሱ ቁጥር አንድ ነው፤ የሚለየው ቀኑና ሌሊቱ ነው። የእኛ የቀኑ 7 ሰዓት ለእነሱ የምሽቱ 7 ነው፤ ጥሩ ሰዓት ነው። የእኛ የምሽቱ 2 ግን ለእነሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ነው፤ ሰው ተኝቷል። ደቡብ ኮሪያም እንደዚሁ ናት። ጀርመን በብርዱ ወራት ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮን ደግሞ ማረጋገጥ ነው። ለማንኛውም የውጭ ሰው ሰዓት ስትጽፍ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍና «የኢትዮጵያ ሰዓት» ወይም «የጃፓን ሰዓት» ብለህ አስከትል።

ቀንም እንዲሁ። 12/3 ለአሜሪካዊው ዲሴምበር 3፣ ለጀርመናዊው ማርች 12፣ ለእኛ ኅዳር 12 ነው፤ ወሩን በስሙ ጻፈው። የትውልድ ዓመትህንም ቀይረህ ንገር። በ1997 ተወለድኩ ብሎ ሳያብራራ የጻፈ ተማሪ ዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ ኋላ ሲታወቅ ውሸታም ይመስላል።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ ጓደኛዬ «ደሴ» ብላ ፈልጋ ያገኘችው የጦርነት ዜና ብቻ ነው። ስለዚያ በጣም ትጠይቀኛለች። ምን ያህል ልንገራት?

መልስ፦ የፈለግከውን ያህል ብቻ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን እንዳዳረሰ፣ ዩኒቨርሲቲውም እንደተጎዳ የታወቀ ነው፤ መካድ አይጠበቅብህም። ሁለት ሦስት መስመር ጽፈህ «ከዚህ በላይ አሁን መጻፍ አልፈልግም» ማለት ነውር የለበትም፤ ደህና ሰው ይረዳሃል። መጻፍ የሚያቀልልህ ከሆነም ጻፍ፣ ግን ያየኸውን ከሰማኸው ለይ። የሞቱና የቆሰሉ ሰዎችን ፎቶ አትላክ፤ የሰው ክብር ነው። የጎረቤትህን ስም፣ ወታደር ያለበትን ቦታም እንዲሁ። ከዚያ ሰሞኑን ግቢው ውስጥ ስላለው ነገር ጻፍላት፤ አንተን እንድታውቅህ እንጂ ዜናውን በአንተ በኩል እንድትከታተል አይደለም የተዋወቃችሁት።

ጥያቄ፦ አንድ እንግሊዝ አገር ያለ ጓደኛ ላፕቶፕ ልኬልሃለሁ አለኝ። አሁን ዕቃው ጉምሩክ ስለተያዘ 18 ሺህ ብር አስገባ የሚል ሰው ደወለልኝ። ጓደኛዬም ቶሎ ክፈል ይላል። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። ዕቃ የለም፤ ጓደኛህና የደወለልህ ሰው አንድ ናቸው። ይህ ማጭበርበር ቅርጹ የታወቀ ነው፤ ፈጣን ወዳጅነት፣ ያልተጠየቀ ትልቅ ስጦታ፣ የተያዘ ዕቃ፣ ጥድፊያ። የጉምሩክ ቀረጥ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር አይከፈልም። አንድ ጊዜ ከከፈልክ ሁለተኛ «ቅጣት»፣ ሦስተኛ «የመጋዘን ኪራይ» ይመጣል። መልእክቶቹን ሳታጠፋ ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ ቁጥሩን ዝጋ፣ ለፖሊስ አመልክት።

እግረ መንገዳችንን፣ ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ ብሎ «የማመልከቻ ክፍያ» የሚጠይቅም ያው ነው። የጃፓን መንግሥት ሜክስት፣ የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም፣ የቱርክዬ ቡርስላሪ፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ማመልከቻቸው ነፃ ነው። ገላ የሚያሳይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ለማንም አይላክ። ልኮ የተያዘና ካልከፈልክ እለጥፈዋለሁ የተባለ ተማሪ ካለ አይክፈል፤ መክፈል ጥያቄውን ያበዛዋል። ማስፈራሪያውን ያስቀምጥ፣ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ያመልክት። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህ ወንጀል ነው፤ ጥፋተኛው አስፈራሪው ነው።

ሌላውንም ወገን እንናገር። ከእኛም ተማሪ በሦስተኛው ደብዳቤ «ስልክ ግዛልኝ» የሚል አለ። ያ ጓደኛ ይጠፋል፤ ከእሱ በኋላ ከኢትዮጵያ ለሚጽፍለት ሁሉ በሩን ይዘጋል። ችግር ቢኖርብህም ከባሕር ማዶ ጓደኛህ ገንዘብ አትጠይቅ። የቪዛና የግብዣ ወረቀት ጥያቄም እንዲሁ ወዳጅነቱን ወዲያው ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ልጄ ከአንድ የቱርክ ተማሪ ጋር ትጻጻፋለች፤ ቱርክኛም ጀምራለች። እናቷ ተጨንቃለች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባናል፤ አገራችን በደላላ ቃል ልጆቿን የሸኘች ናት። ቢከለክሏት ግን መጻጻፉ አይቆምም፣ ከእርስዎ ይሰወራል እንጂ፤ ያኔ ክፉ ነገር ቢገጥማት የምትነግረው ሰው አይኖራትም። የሚሻለው አብረው ማየት ነው። በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ይማራል? የት ተዋወቁ? በቪዲዮ ተያይተዋል? የቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች ኢሜይል መጨረሻው «ኢዱ ነጥብ ቲአር» ነው፤ አንድ ጊዜ ከዚያ አድራሻ ይጻፍላት ቢሉ ደህና ልጅ አይከፋም። የቱርክ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ከእራት በኋላ ቤተሰቡ ባለበት ለአምስት ደቂቃ ሰላም ይበላችሁ። ካሜራዬ ተበላሽቷል እያለ ወራት የሚያሳልፍ ሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

የሚያሰጋው ሦስት ነገር ነው፤ ለወላጅ አትንገሪ ማለት፣ ፎቶ ወይም ገንዘብ መጠየቅ፣ «ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ትኬት ልቁረጥልሽ» ማለት። ከሦስቱ አንዱ ከመጣ እዚያው ይቁም። እነዚህ ከሌሉና ቱርክኛዋ እየተሻሻለ ከሆነ ልጅዎ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለባትም። ጥያቄውን ሲጠይቋትም እንደ ምርመራ ሳይሆን ቡና ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደሴ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን በሙሉ ከሌላ አገር ክፍል ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ። እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ተማሪ ሳይሆን አንድ መምህር ይፈልጉ። አማርኛ ወይም የአፍሪካ ጥናት የሚያስተምሩ የውጭ ትምህርት ክፍሎች ዘንድ ይጻፉ፤ የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤትም ስምምነት ያላቸውን ተቋማት ይነግርዎታል። በመጀመሪያው ኢሜይል የተማሪውን ብዛት፣ ደረጃ፣ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይጻፉ፤ «ትብብር እንፈልጋለን» የሚል ብቻ መልስ አያገኝም።

መጠኑ 20 ተማሪ፣ 8 ሳምንት፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ 200 ቃል ቢሆን አራት ደብዳቤ ይወጣዋል። ከዚህ የበዛውን ለመከታተል ይከብዳል። ጊዜው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ከአውሮፓ ክፍሎች ጋር ይገጥማል።

አንድ ለአንድ አያጣምሩ። ከሃያው ሁለት ሦስቱ ማቋረጣቸው አይቀርም፤ የተጣመረው የውጭ ተማሪ ባዶውን ይቀራል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ አድርገው በአራት በአራት ይመድቡ፤ አንዱ ቢቀር ሦስቱ ይቀጥላሉ። የኢንተርኔት መቋረጥን አስቀድመው ለአጋርዎ ይንገሩ፤ ዝምታው ግዴለሽነት እንዳይመስል። ተማሪዎቹ በወረቀትም በስልክም ጽፈው ያስገቡ፣ እርስዎ በአንድ ፋይል ሰብስበው መስመር ሲገኝ ይላኩ፤ ፎቶ የሌለው የሃያ ደብዳቤ ፋይል ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ በደካማ መስመርም ያልፋል።

ርእሱን ሰፊ አያድርጉት። «ባህላችን» የሚል ርእስ ሃያ ተመሳሳይ ደብዳቤ ያስወጣል። «ትናንት የበላሁት ምሳ ከየት መጣ»፣ «ከቤቴ እስከ ግቢ ባለው መንገድ የማያቸው አምስት ነገሮች» ብለው ይስጡ፤ አንዱ ከሆጤ፣ አንዱ ከሰኞ ገበያ ሰፈር ይጽፋል፣ አይደጋገምም። እርማት ላይም ይቆጠቡ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ስሕተት ብቻ፣ ለምሳሌ የግሥ ጊዜና መስተዋድድ፣ ያርሙ። በቀይ የተሞላ ወረቀት የተመለሰለት ተማሪ ቀጣዩን ደብዳቤ አሳጥሮ ነው የሚያመጣው።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ቡናና በርበሬ በፖስታ ብልክ ይደርሳል?

መልስ፦ ጥሬ ቡና፣ ዘር፣ ማር፣ ቅቤ፣ ያልተለፋ ቆዳ ተዉት፤ ብዙ አገሮች የተክልና የእንስሳት ውጤት ድንበር ላይ ይይዛሉ፤ አውስትራሊያ በተለይ ጥብቅ ናት። የተቆላ ቡናና የተፈጨ በርበሬ እንደ አገሩ ነው፤ ጓደኛህ የአገሩን ጉምሩክ ይጠይቅ፣ አንተም ፖስታ ቤት ጠይቅ። ዕቃ ሲሆን ሲኤን 22 የሚባል የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል፤ ምን እንደሆነ፣ ክብደቱና ዋጋው በእውነት ይጻፍ፣ ስጦታ የሚለው ላይ ምልክት ይደረግ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ግለሰብ ለግለሰብ የሚልከው ስጦታ እስከ 45 ዩሮ ከቀረጥ ነፃ ነው። አሮጌ የብራና ጽሑፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም ሳንቲም ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ለስጦታ ብለህ እንዳትነካው። ጠፍጣፋ ነገር ይሻላል፤ የጥለት ቁራጭ የመጽሐፍ ምልክት፣ ፎቶ፣ የጓደኛህ ስም በፊደላችን በእጅህ ተጽፎ።

ጥያቄ፦ ለሰባት ወር ስንጻጻፍ የቆየን ጓደኛዬ ድንገት ዝም አለች። ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው። እንደገና ልጻፍ?

መልስ፦ ጻፍ፣ አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ግን የትምህርት ካሌንደሯን ተመልከት። በጃፓን የፈተናው ወቅት ከጥር አጋማሽ እስከ ጥር ማብቂያ፣ እንደገናም ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ማብቂያው ነው፤ አዲሱ ዓመታቸው መጋቢት ማብቂያ ላይ ይጀምራል፣ ያኔ ቤትም ከተማም የሚቀይር ተማሪ ብዙ ነው። በጀርመን የካቲትና ሐምሌ፣ በአሜሪካ ከኅዳር ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ እንዲሁም ሚያዝያ ማብቂያና ግንቦት ይጨናነቃሉ። በእነዚህ ሳምንታት ዝም ያለ ሰው አልተቀየመም።

ፈተናው ካለፈ ሦስት ሳምንት ጠብቅና አምስት መስመር ጻፍላት። «ለምን ጠፋሽ» አትበል፤ ይህ ለእኛ ናፍቆት ነው፣ ለእሷ ክስ ሆኖ ይነበባል። ከእሷ የመጨረሻ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር አንሳ፤ እህቷ ታማ ነበር ከሆነ እህቷን ጠይቅ፣ አዲስ ሥራ ጀምራ ከሆነ ሥራዋን። አንተ ዘንድ ካለው አንድ አዲስ ነገር ጨምር። «ባይመችሽም ችግር የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑርበት። በሁለት ወር ውስጥ ካልመለሰች ደግመህ አትጻፍ፣ በሌላ መተግበሪያም አትፈልጋት። አድራሻዋን ግን አትሰርዝ፤ መስከረም 1 ላይ የአዲስ ዓመት ካርድ ብትልክላት እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 እንደሆነ ከሥሩ ጻፍላት።